ሽንት ቤቱን ማን ይጠግን?

ርእሱን አይታችሁ አፍንጫችሁን አትያዙ። በእንደዚህ ያለ መጽሔት ላይ ስለ ሥልጣኔ፥ ስለ ነጻነትና ስለ ሥነ ጽሑፍ እድገት ብዙ ይጻፋል፤ እኛም ራሳችን ከጻፉት መካከል ነን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ያን ሁሉ የጻፈውም ያነበበውም ሰው በየቀኑ ስለሚሄድበት፥ ነገር ግን ስሙን ለመጥራት ስለሚያፍርበት ቤት ነው። አገራችን በዚህ ጉዳይ የቃል ድኻ አይደለችም። «ወገቤን ልሞክር» እንላለን፤ «ውጭ ደርሼ ልምጣ» እንላለን፤ «ዘወር ልበል» እንላለን። ለቃሉ ይህን ያህል መሸፈኛ የፈጠርን ሰዎች የጉድጓዱን መሸፈኛ ለመጠገን ለምን እንደምንሰንፍ ነው ጥያቄአችን።

ነገሩ የተነሣው በማክሰኝት ነው። ለማታውቋት ለማስተዋወቅ ያህል፥ ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሜዳዋ መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ የፍየል እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ለሽምብራና ለጓያ የተመቸ ይሁን እንጂ ለጉድጓድ ክፉ ጠላት ነው። እኛ ስንልም ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንድ የጎረቤት ልጅ፥ ሦስታችንም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች።

ባለፈው ነሐሴ፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፥ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ሄድን። ከደረስን በኋላ ሦስት ሌሊት ሙሉ የአገር ጉዳይ ስንከራከር አመሸን። በአራተኛው ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውጭ ቢወጣ አያታችን እማማ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ በምርኩዝ እየተደገፉ ሲመለሱ አገኛቸው። ዝናብ መቷቸዋል፥ ነጠላቸው ጭቃ ነክቷል። በአካባቢያችን ጅብ እስከ ደጅ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል።

ጠይቀን ጠይቀን ነገሩ ወጣ። እኛ ከመምጣታችን በፊት የሽንት ቤታችን ወለል ከእግራቸው ሥር ተሰብሮ አንድ እግራቸው እስከ ጉልበት ገብቶ ኖሯል። ግድግዳውን ይዘው ባይተርፉ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃና በጻፍነው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቤት አልረገጡትም፤ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፥ ቀኑን ሙሉም ውሃ እንኳ እየቈጠቡ ይጠጣሉ።

«እማማ፥ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ምን ልንገራችሁ ልጆቼ፤ እናንተ የመንግሥት ነገር ስታወሩ እኔ የዓር ነገር ላንሣባችሁ?» አሉን።

አንባቢ ይፍረድ! ከዚያ ሌሊት ክርክራችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር የተናገረ አልነበረም።

በማግሥቱ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣን። በከተማው ሥራውን የሚያውቁት ግንበኞች በሌላ ግንባታ ተይዘው ነበርና «ከመስቀል በኋላ ኑ» ተባልን። እንግዲህ እኛው እንሥራው ብለን ዶማና ዲጂኖ ስናነሣ አባታችን ተቈጡ። «ልጆቼን ዩኒቨርሲቲ የሰደድሁት ጉድጓድ እንዲጠርጉ ነው? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። አባታችንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው፤ እርሳቸው የተናገሩት እኛ በልባችን የያዝነውን ነው። ከመካከላችን አንዱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአጥሩን በር ዘግቶ ነበርና። የዘጋው ጅብ ፈርቶ አልነበረም።

ይህ ነውር ዕድሜው ረጅም ነው። ጎንደር የግንብ ከተማ ናት ስንል እንኰራለን፤ በዚያ ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት ያገለገሉትን፥ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤሎችን፥ ግን ቡዳ እያልን ስንሸሽ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈ፤ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ዛሬም አካፋ ስንይዝ በር እንዘጋለን። ሊቃውንቱን በፈተና ወረቀት ላይ ስለ ሥራ ክቡርነት የጻፍንላቸው እኛው ነን፤ ውጤቱም መጥፎ አልነበረም።

አሁን ሥራውን እንደ ሠራነው እንናገር፤ ምናልባት ለአንዳችሁ ቤት ይጠቅም ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ማንም ሰው ወደ ቆየ የሽንት ቤት ጉድጓድ አይግባ። በውስጡ የሚጠራቀመው አየር የገባውን ይገድላል፥ ሊያወጣው የወረደውንም ይጨምራል። በተበላሸው ወለል ላይም አይቆም። እኛ ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብለው የሚያርፉ ሁለት ረጃጅም ግንዶች አጋድመን፥ አንዳችን በወገቡ ገመድ ታስሮ፥ ሁለታችን ገመዱን ይዘን፥ ጭቃውን ከዳር ወደ መካከል አነሣነው። ከላይ ሲያዩት ወለሉ ደኅና ይመስል ነበር፤ በጭቃ በየጊዜው ይለሰናልና። ከሥሩ ግን የባሕር ዛፉን ርብራብ ምስጡ በልቶት፥ እርጥበቱ አበስብሶት፥ በጣት ሲጫኑት እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። እማማ ለዓመታት የተራመዱት በጭቃው ላይ ኖሯል እንጂ በእንጨቱ ላይ አልነበረም።

ቀጥሎ ድንጋይ በገመድ አስረን ጥልቀቱን ለካን። ገና ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ስለ ነበረ አዲስ ጉድጓድ አላስፈለገንም። ከአፉ እስከ ይዘቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ሲቀር ግን ያንን አፈር አልብሶ ሌላ መቈፈር ነው፤ በዚያ ላይ ወለል ማደስ ድካም ብቻ ነው።

ዋናው ችግር የመረሬው አፈር ነበር። የጉድጓዱ ከንፈር በየክረምቱ እየተናደ ሰፍቶ፥ ርብራቡ የሚያርፍበት ጠርዝ አልቆ ነበር። ስለዚህ አፉን ዙሪያውን ወደ ውጭ ቈፍረን፥ ከሥር ጀምሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ቀለበት ገነባንለት፥ ከመሬትም አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ አደረግነው፤ በላይ በኩልም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አወጣን። ይህ ቀለበት የሚፈጀው ጉልበት ነው እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። በጥቁር አፈር አገር ያለ ቀለበት የሚሠራ ሽንት ቤት ዕድሜው ለሁለት ወይም ለሦስት ክረምት ነው ብንል አናጋንንም።

ወለሉን ከኮንክሪት ለማድረግ ወሰንን። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ፥ ውፍረቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሁለት እጅ አሸዋ፥ ሦስት እጅ ጠጠር፤ በውስጡ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እንደ መረብ ታስሮ። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል። ገንዘቡ የተገኘው እናታችን ለእንቊጣጣሽ ያሳደጓቸውን ዶሮዎች ሸጠው ነው፤ ይህን ሳንጽፍ ብንቀር በደል ይሆንብናል። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተን፥ በጣውላ ከብበን፥ ለቀዳዳው የሚሆን ቅርጽ መካከሉ ላይ አስቀምጠን አፈሰስነው። ቀዳዳው ርዝመት ቢኖረውም ወርዱ ከ18 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አደረግን፤ ሕፃን ልጅ እንዳይፈራ።

በሦስተኛው ቀን አነሣነው፤ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ።

ምክንያቱን ለመናገር እናፍራለን። ጸሓዩ ወጥቶ ስላየን ደርቋል አልን። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሰባት ቀን የረጠበ ጆንያ አልብሶ ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ይህን ማንኛውም የማክሰኝት ግንበኛ ያውቀዋል፤ እኛ ግን ብንጠይቅ የምናንስ መስሎን አልጠየቅንም። ሁለተኛው ከረጢት የተገዛው በቀሩት ዶሮዎች ነው። እናታችን አንዳች አልተናገሩም። ብንሰደብ ይሻለን ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሰባት ቀን ጠበቅን። አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ፤ ያ ጠፍጣፋ ነገር 260 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች አያነሡትም። የግድ በሩ መከፈት ነበረበት። ወጥተን ጎረቤት ጠራን። ዘጠኝ ሰው መጣ፤ ሁለቱ እኛ ልንቀጥራቸው ፈልገን ያጣናቸው ግንበኞች ነበሩ፥ ለደቦ ሲሆን ጊዜ አላጡም። ግንድ ከሥሩ አስገብተው እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አስቀመጡት። አንዱ ውሃ ልክ አምጥቶ አየና ወደ ቀዳዳው ጥቂት እንዲያዘነብል በጭቃ አስተካከለው። «ለቀለበቱ ግን ጥሩ ነው የሠራችሁት» አለን። ዲግሪ የተቀበልን ያህል ደስ አለን።

ስለ ሽታና ስለ ዝንብ አንድ ነገር እንጨምር። በዚምባብዌ የብሌር ላቦራቶሪ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ አንድ ዘዴ አውጥተው ነበር። ከጉድጓዱ እስከ ጣሪያው በላይ የሚወጣ ቧንቧ ይተከልና ጫፉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል፤ ቤቱ ውስጡ ጨለማ ይደረጋል። ነፋሱ ሽታውን በቧንቧው ይስበዋል፤ ዝንቡም ብርሃን ተከትሎ ሲወጣ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ይህን የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን በክዳን አጥብቆ አይድፈን፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። እኛ ቧንቧ መግዣ ስላልነበረን ሁለተኛውን መንገድ መረጥን፤ እጀታው ረጅም የሆነ ግጥም የሚል የጣውላ ክዳን ሠርተን አመድ በጣሳ አጠገቡ አስቀመጥን። በአንዳንድ ቦታ ሳቶ የሚባል ራሱን የሚዘጋ የፕላስቲክ መቀመጫ ይሸጣል ይባላል፥ አቅም ያለው ይሞክረው።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የአሮጊት ጉልበት ነውን?» የሚል ይኖራል። ለእርሱም ቢሆን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሌላም አለ። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታውን ከዐይን ወደ ዐይን የምታዞረው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዐይነ ምድር ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ስለዚህ አንድ ወለል ሲሰበርና ቤተ ሰቡ ወደ ሜዳ ሲመለስ ዝንቧም ትመለሳለች። እማማ በአንገታቸው ወረንጦ ያንጠለጥላሉ፤ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ሽፋሽፍት የሚነቅሉበት ነው። ልጆች ሳለን ጌጥ ይመስለን ነበር።

ለመሆኑ መንግሥትና አስተማሪዎቹ ይህን አልሰሙም ማለት አይቻልም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሲከፈትላት የሠለጠኑት የጤና መኰንኖችና ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ ሳኒታሪያን የሚባሉት፥ ሥራቸው ምንጭ ማጐልበትና ሽንት ቤት ማስቈፈር የሆነ ወጣቶችም ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ የንጽሕና ጉዳይ ነበሩ። በምሥራቅ ጎጃም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ20 ሺህ በላይ ሽንት ቤት ተቈፍሯል፤ ብዙውን የገፉትም እስኪመሽ መጠበቅ የሰለቻቸው ሴቶች ናቸው። በአገር ደረጃ በ1982 ዓ.ም. ከመቶ ሰው 92ቱ ሜዳ ይወጣ የነበረው በ2007 ዓ.ም. ወደ 29 ወርዷል። ይህን ያህል የቀነሰ አገር በዓለም የለም ተብሎ ተመስግነናል፥ ምስጋናውም ይገባናል።

ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት የተሻሻለ የሚባለውንና ከሌላ ጋራ የማይጋሩትን ሽንት ቤት የሚጠቀሙት ቤተ ሰቦች ከመቶ 6 ብቻ ናቸው። ሁለቱን ቊጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ቈፍረናል፤ የቈፈርነው ግን እንደ እማማ ወለል ነው። የተቈፈረ ጉድጓድ በሪፖርት ይቈጠራል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ቀበሌውም «ከሜዳ መጸዳዳት ነጻ» ተብሎ ሰንደቅ ይተክላል። ወለሉ በሦስተኛው ክረምት ሲሰበር ግን የሚቈጥር የለም። ጥገና የሪፖርት ዐምድ የለውም።

ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ፤ እዚህ ያለነው ከማክሰኝት አንሻልም። በመኝታ ሕንጻችን ካሉት ሽንት ቤቶች በአንዱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ አንድ ሴሚስተር ሞልቶታል። ሁለት አቤቱታ ጽፈናል፥ ሁለተኛው በአራት ገጽ። ከማክሰኝት በተመለስን በሳምንቱ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተን አየን። ውሃው ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ከቁርስ የተረፈ ቡና ጨመርንበት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሳንለቀው ቡናው በመቀመጫው ውስጥ ታየ። እንግዲህ በታች ያለችው መድፈኛ ጎማ አልቃለች ማለት ነው። አሮጌዋን በኪሳችን ይዘን ሱቅ ሄደን ልኳን ገዛን፤ በካቻቢቴና በፒንሳ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ተጠገነ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያቺ ጎማ ስንት በርሜል እንዳፈሰሰች አስቡት። አቤቱታችን ከጎማዋ ይረዝም ነበር።

የተደፈነውን ደግሞ አሲድ አትድፉበት፤ በእንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ ዘነዘና ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፥ ቀጥሎ አንድ ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ልቀቁበት። ከመቀመጫው ሥር ያለው ቧንቧ እንደ እባብ ታጥፎ ውሃ የሚይዘው ሽታው እንዳይመለስ ነው። ይህን ማጠፊያ በ1775 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በለንደን ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። የአገሩ ልጅ ጀምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ ከሄደ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰዓት ሠሪ ሽንት ቤት ለማሰብ አላፈረም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ ብርቱ ተቃውሞ አቀረበ። «እናንተ ስትጠግኑ ኀላፊነት ያለበት ክፍል ያርፋል፤ የተማሪው መብት በካቻቢቴ ይሸጣል» አለ። ነገሩ ቀላል አይደለም። እኛም አቤቱታው ይቅር አላልንም፤ በጀት የተያዘበትን ሥራ የያዘው ሰው ይሥራው፥ ካልሠራም ይጠየቅ። ይሁን እንጂ ጎማ መሆኗን ሳናውቅ የጻፍነው አቤቱታ «ሽንት ቤታችን ተበላሸ» ከማለት አላለፈም፤ አሁን ብንጽፍ ምን እንደ ተበላሸ፥ ስንት እንደሚያስወጣና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠቅሰን ነው። የማያውቅ ሰው ጥያቄ ይመለሳል፤ የሚያውቅን ሰው ግን ማታለል ይከብዳል። እስኪመለስስ ድረስ ሌሊት የት ይኬዳል? በሴቶቹ ሕንጻ ያሉ እኅቶቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለየመኝታ ሕንጻው ካቻቢቴ፥ ፒንሳና ጥቂት ጎማዎች የያዘ አንድ ሣጥን ይገዛ፤ ቁልፉ በማኅበሩ ተጠሪ እጅ ይሁን። ለሚመጣው ክረምት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎችም፥ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት፥ በእናታቸው ጓሮ ያለውን ወለል በዲጂኖ አንኳኩተው ይዩት። ሲሚንቶ የማፍሰሱን ነገር ደግሞ ከእኛ ይልቅ ግንበኛውን ይጠይቁ።

እማማ ወደ አዲሱ ቤት የገቡት ሥራው ባለቀ በአምስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያ አባታችንን አስገብተው በላዩ ላይ አስቆሟቸው፤ አባታችን ከሁላችንም ይከብዳሉና። ቀጥሎ ሦስታችንን አንድ ላይ አስቆሙን። እንደ ሰማነው ከሆነ እስከ ዛሬም ከመግባታቸው በፊት ወለሉን በምርኩዛቸው ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ ድምፁን ካዳመጡ በኋላ «እሺ» ብለው ይገባሉ።